የምንይችል ሮስተር መሥሪያ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ንፋስ መውጫ ከተማ ያለውን የትምህርት ቤታችንን ሬከርድ ቢሮ ከፈትኩ። ጠረጴዛውን ወልውዬ ኮምፒውተሩን አበራሁ። የተማሪ ውጤት ደምሮ ደረጃ የሚያወጣው ሮስተር መሥሪያ ፕሮግራም ግን ከቦታው የለም። ባለቤቴ ምንይችል ከማረፉ በፊት በነበረው ክረምት የሠራልኝ ነው። ሲከፈት ከላይ «ተናኘ፣ ምሳሽን ብዪ» ይላል። ካርድ የምንሰጠው ዓርብ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቫይረስ ያጸዳችልንን የአይሲቲ መምህር ህሊናን ጠራኋት።

«እትዬ፣ ስሙን የማላውቀውን ሁሉ ቫይረስ ነው ብዬ አጥፍቼዋለሁ» አለች።

የጠፋውን ለመመለስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞከረች። የፋይሉ ስም ተገኘ፤ ራሱ ግን አልከፈት አለ።

«ከጠፋ በኋላ ሌላ ነገር ተጽፎበታል።»

ቅዳሜ የዘጠነኛ ክፍልን ውጤት እዚሁ ኮምፒውተር ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

ምንይችል ፕሮግራሙን መካነ ኢየሱስ ከተማ ለሚያስተምረው ጓደኛው ለእሱባለውም ሰጥቶት ስለነበር ደወልኩለት።

«ያንቺ ባል ያልሰጠው ሰው አለ እንዴ? በፍላሽ አገሩን አዳርሶታል» ብሎ ሳቀ። ወዲያው በቴሌግራም ላከልኝ።

ህሊና ጫነችው። የአንድ ክፍል ውጤት አስገባሁበት፤ ድምሩም ደረጃውም ልክ መጣ።

«ተመለሰልዎት?» አለችኝ።

«ይሠራል» አልኳት።

ካርዱ ለዓርብ ይደርሳል። ፕሮግራሙ ሲከፈት ግን ከላይ «እሱባለው፣ ጠመኔህን አራግፍ» ይላል። «ተናኘ፣ ምሳሽን ብዪ» የሚለው የለም።