ቢጫው ዓሣና የአባቴ ሾርባ

«አባቴ ይሙት» ብዬ እንዳልምል ሞቷል። ስለዚህ በአፈሩ እምላለሁ፤ ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ብሩሽ የያዘው እጄ ይድረቅ። የሚያውቁኝ ሰዎች «ማይክራፎን» ይሉኛል። ትንሹን ነገር ታጎላለህ ለማለት ነው። እኔ ግን አላጎላም፤ ነገሩ ራሱ ትልቅ ሆኖ ይመጣብኛል እንጂ።

ሙያዬ ቤት መቀባት ነው። የከተማው ግማሽ ያማረው በእኔ እጅ ነው፤ የቀረው ግማሽ እኔን ባለመጥራቱ ይጸጸታል። ሌላው ሰው «ነጭ ነው» ብሎ የሚያልፈውን ግድግዳ እኔ ቆሜ ይኼ ወተት ነው፣ ይኼ የእንቁላል ቅርፊት ነው፣ ይኼኛው ደግሞ የበሽተኛ ጥፍር ነው ብዬ እለያለሁ። አባቴ የተኛበት ክፍል ግድግዳ የበሽተኛ ጥፍር ነበር።

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው በጭነት መርከብ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በክብ መስኮት ባሕሩን እያየ ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። ማዕበል ሲነሳ በአንድ እጁ ድስቱን፣ በአንድ እጁ ራሱን ይዞ፣ አንዲት ጠብታ ወጥ ሳያፈስ ስንቱን መርከበኛ አብልቷል። ጡረታ ሲወጣ ታላቅ እህቴ ቤት ገባ። እዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጦት ወደቀ፤ ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ አልጋው ላይ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መብላት ተወ።

ሐኪሙ መጣ፣ አየ፣ ነካካ። ሆዱም ጉሮሮውም ደህና ነው፤ የጠፋው ፍላጎቱ ነው ብሎ ሄደ። ፍላጎት በየትኛው መድኃኒት ቤት እንደሚሸጥ አልነገረንም። እህቴን እትዬ ነው የምላት። ቤቷ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሾርባ ትሠራለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ ማንኪያ ይዛ ትለምነዋለች፣ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ አንድ እጅጌ ትገጥማለች፤ ከዚያ ሾርባውን አሙቃ እንደገና ትለምነዋለች። አንድ ቀን ከሥራ መልስ ልጠይቀው ስመጣ በራፉ ላይ ያዘችኝና፣ እንዲህ ከቀጠለ ወር አይደርስም አለችኝ። ዐይኗ ቀልቶ ነበር። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። እንዲበላ ብቻ ነበር የፈለገችው።

እኔ ደግሞ ችግር ሰምቼ ዝም ብዬ የምገባ ሰው አይደለሁም። እዚያው ቆሜ መፍትሔውን ነገርኳት። ሰውየው የናፈቀው ባሕር ነው፤ ባሕሩን አመጣለታለሁ። አብሳይ ደግሞ የሚበላ አፍ ሲያይ ነው የራሱ አፍ የሚከፈተው። ፊት ለፊቱ ዓሣ ሲበላ ካየ እሱም ይበላል።

«ባሕሩ ይቅርብን፤ አንተ ብቻ በየቀኑ ና» አለችኝ።

ሥራ እንደሚበዛብኝ ታውቃለች። ስለዚህ ባሕሩን መረጥኩ።

መጀመሪያ ግድግዳውን ቀባሁ። ሦስት ጊዜ ደራርቤ፣ ከታች ጥቁር ሰማያዊ፣ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ። ባሕር ራሱ ቢያየው በቅናት ይደርቅ ነበር። ቀጥሎ፣ ድሮ ቤቱን የቀባሁለት አንድ ሰው አገር ሲቀይር ትቶልኝ የሄደውን ትልቅ የመስታወት ገንዳ በጋሪ አመጣሁ። አራት ሆነን ነው ያስገባነው፤ ሦስቱ ግን ለይስሙላ ነበሩ። ከዚያ ወደ ባለዓሣው ሄድኩ።

ባለዓሣው ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ከሲታ ሰው ነው። ዓሣዎቹ እንዳይደነግጡ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ጨውና ፓምፕ፣ መብራትና አሸዋ ሰጠኝና፣ ውሃ ጨው ስለገባበት ባሕር አይሆንም አለኝ። ዓሣ ሳይገባበት ሳምንታት ይሽከርከር፣ እንደ ሊጥ ይብላላ፤ ከዚያ አንድ ጠንካራ፣ መልከ ጥፉ ዓሣ አስገባ፤ እሱ ከኖረ ሌላ ታስከትላለህ አለ። እኔ ደግሞ አባቴ ሊጥ አይጠብቅም አልኩት። ውሃው ሁለት ቀን እንደተሽከረከረ ተመለስኩ።

ሌላ ሰው ዓሣ ሊገዛ ሲሄድ ባልዲ ይዞ ይሄዳል። እኔ የቀለም ናሙና ካርዴን ይዤ ሄድኩ። ከግድግዳው ጋር የሚስማማውን ለመለየት ካርዱን በየመስታወቱ ላይ እየለጠፍኩ ዓሣ መረጥኩ። በዚህ ሙያ እንዲህ ያደረገ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ከእኔ በኋላም አይኖርም። አንድ ሰማያዊ፣ ከግድግዳው ግማሽ ደረጃ የሚደምቅ። ሁለት መንታ ቀዮች፣ በግራና በቀኝ እንዲመጣጠኑ። አንድ ባለነጠብጣብ አፈ ሰፊ፣ ለግርማ ሞገስ። መሐል ላይ ደግሞ ቢጫው። ምን ቢጫ አላችሁ! አፉ እንደ መርፌ የሾለ፣ ገላው እንደ ሳንቲም የሳሳ፤ ሲዞር መብራት የበራ ነው የሚመስለው።

ባለዓሣው እየተከተለ ያንሾካሹካል። ሰማያዊው ያድጋል፣ ገንዳው ይጠብበዋል። መንታዎቹ ወንዶች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አያኖርም። አፈ ሰፊው አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ሁሉንም ባንድ ቀን ካስገባህ ውሃው አይሸከማቸውም።

«ጌታው፣ ዓሣ መጋረጃ አይደለም» አለኝ በመጨረሻ።

«አንተ ዓሣውን ታውቃለህ፣ እኔ ቀለሙን አውቃለሁ። ተስማምተናል።»

«እሺ፣ ቢጫውን ብቻ ተወው። እዚህ ከገባ ጀምሮ ሲበላ አላየሁትም። ሲበላ ያላየኸውን ዓሣ ቤትህ አታስገባ።»

«ሰው ቤት ስለሆነ አፍሮ ነው። እኛ ቤት ይበላል» አልኩት። ስቄ ይዤው ወጣሁ።

መብራቱን ያበራሁ ጊዜ የአባቴን ፊት ማየት ነበረባችሁ። እትዬ በትራስ ደግፋ ወደ ገንዳው አዞረችው። ሰማያዊው ብርሃን ጉንጩ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውየው የሃያ ዓመት ወጣት ሆነ። ፓምፑ ሲንቆረቆር አዳመጠና ምን ምን እንዳለ ጠየቀኝ። እኔም አንድ በአንድ አስተዋወቅሁት፤ ቀለሙን፣ ጠባዩን፣ ዘር ማንዘሩን። ቢጫው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀ። በስተቀኝ ድንጋዩ አጠገብ አልኩት።

«አዎ፣ አዎ። ያምራል» አለ። ቀጥሎም «በላ?» አለኝ። አብሳይ አይደል፤ ሌላ ምን ይጠይቃል።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ መልስ ብቅ ባልኩ ቁጥር እንዲሁ ነበርን። ቢጫው የት ነው ይለኛል፤ እነግረዋለሁ፤ አየሁት ይላል፤ በላ ይለኛል፤ ይበላል እለዋለሁ። ሕፃን ሆኗል ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሾርባው እንደነበረ ተቀምጦ፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ አውጥቶ ይጠብቀኛል። እትዬ ታነሳዋለች።

እውነት ለመናገር ባሕሩ ውስጥ ጦርነት ተነስቶ ነበር። መንታዎቹ ባንዲት ድንጋይ ተጣሉ። ሁለት አገር ሲዋጋ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም፤ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት። የተሸነፈው ክንፉ ተቦጫጭቆ ማዕዘን ላይ ተለጥፎ ሞተ። አሸናፊው ድሉን ሳያጣጥም አፈ ሰፊው ዋጠው። ጅራቱ ከአፉ ወጥቶ ሲወራጭ በዐይኔ አይቻለሁ። አፈ ሰፊውን በባልዲ ወደ ባለዓሣው መለስኩት፤ እሱም ባልዲውን ተቀበለኝ። ሰማያዊው ከመስታወት መስታወት ሲመላለስ ሰነበተ። ኋላ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ነጠብጣብ ወረሰውና አንድ ጠዋት በጎኑ ተንሳፈፈ። እትዬ በሻይ ማጥለያ አወጣችው። ማጥለያውን ስታጥብ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳል ነው ያለችኝ።

ቢጫው ቀረ። ያን የሚያህል ገንዳ፣ ያን የሚያህል ግድግዳ፣ አንዲት ስስ ቢጫ ነገር። ምግብ ስበትንለት ቀርቦ ያየዋል፣ እንደ ታዛቢ ይመረምረዋል፣ ዞር ይላል። በመጀመሪያ ሳንቲም ነበር፤ ኋላ ወረቀት ሆነ። ሽሪምፕ፣ ያችን ፌንጣ የምትመስል የባሕር ፍጥረት፣ ፈጭቼ ሞከርኩ። ዱቄት ሞከርኩ። ባለዓሣው ዘንድ ሄጄ፣ ለሌላ ሰው የምጠይቅ መስዬ ጠየቅኩት። እንዲህ ያለው ዓሣ ባሕር ውስጥ ሕያው ኮራል፣ ድንጋይ የሚመስለውን የባሕር ፍጥረት፣ እየለቀመ ነው የሚኖረው፤ ቤት ውስጥ ምግብ ሞልቶለት የሚራብ ዓሣ ነው አለኝ። አባቴ ግን አሁንም በላ ወይ ይለኛል። እኔም ይበላል እላለሁ። የአባቴ ክንድ አንሶላው ላይ እንደ ተወለወለ እንጨት ሆኗል።

እንግዲህ አሁን ወደ ተአምሩ ደረስን፤ የማልኩትም ለዚሁ ነው። እሁድ ከሰዓት ነበር። የሽሪምፑን ፍርፋሪ በረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ አድርጌ ወደ ቢጫው አቀረብኩ። ሺህ ግድግዳ የቀባ እጅ አይንቀጠቀጥም። አፉን ከፈተ። ያዘው። አስገባው! ወደ አባቴ ዞሬ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ነው የጮህኩት። «አባባ፣ በላ! አየኸው?»

«አየሁት ልጄ፣ አየሁት። ጎበዝ» አለኝ። እጁን ዘረጋ፤ ያዝኩት። ቀለል ያለ ነበር። ከዚያ እትዬን ጠርቶ፣ «በይ፣ ሾርባዬን አምጪ» አላት።

በነጋታው ስመጣ ሳህኑ ባዶ ነው። ማክሰኞም ባዶ። ረቡዕም ባዶ፣ ያውም የተጠረገ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አሳክቻለሁ፤ ያን ሳህን የመሰለ ግን የለኝም። ሐሙስ ንጋት ላይ አባቴ ዐረፈ። ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ፣ አባቴ ጠግቦ ነው የሞተው፣ ባሕሩን እያየ ነው የሞተው እያልኩ ነገርኩ። ሐዘኔን ያቀለለልኝ ያ ነው። ቢጫውም ከእሱ በኋላ አልሰነበተም።

ክፍሉን ባዶ ያደረግን ዕለት አዲስ ተጋቢዎች ገንዳውን ሊወስዱ መጡ። ባልየው መካኒክ ነው፤ ሚስትየው የእትዬ ደንበኛ ናት። ገንዳውን በነፃ ነው የሰጠናቸው፤ እኔ ግን ምክር ሳይመረቅበት አይሄድም ብዬ ይህን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ነገርኳቸው። ውሃው ሳይብላላ አታስገቡ፣ መንታ አትግዙ፣ የአፉን ስፋት እዩ፣ በቀለም አትምረጡ፤ እኔ በቀለም መርጬ የተሳካልኝ እኔ ስለሆንኩ ነው አልኳቸው። ሚስትየው ዐይኗ እንባ ሞላና፣ ቢጫው አልበላም ካለ በኋላ እንዴት ሊበላልህ ቻለ አለችኝ።

እትዬ ተንበርክካ የፓምፑን ገመድ እየጠቀለለች ነበር። ቀና አላለችም።

«አልበላም» አለች። «አንተ ወደ አባባ ዞረህ ስትጮህ ተፋው።»

ሳቅኩ። አባባ ራሱ አይቷል እኮ አልኳት።

«አባባ አላየም። ከወደቀ ወዲህ ዐይኑ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለየው። አንድም ዓሣ አላየም። 'ለልጁ እንዳትነግሪው፣ ስንት ደክሞ ግድግዳ ቀብቶልኛል' አለኝ።» ገመዱን ጠቅልላ ጨረሰችና በጨርቅ ጫፍ አሰረችው። «ሾርባውንም አልበላም። አንተ ከመምጣትህ በፊት እንድደፋውና ሳህኑን እንድጠርገው ያዝዘኝ ነበር። ደፍቻለሁ።»

ፓምፑን አንስታ ለሚስትየው ሰጠቻት።

«ይኼን ለብቻው ያዙት» አለቻት ዝግ ብላ፤ «ውስጡ ውሃ አለ፣ ልብስሽን እንዳያበላሽብሽ።»