ሰሌዳው ሙሉ ነበር

አማቴ በየማለዳው አንድ ጥያቄ አላቸው። ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ፣ «ልጄ ራሱን ጥሎ ነው?» ይሉኛል። እኔም ጀርባዬን ሰጥቻቸው ውሃ እየጣድኩ «አይደለም እማማ፣ አዳልጦት ነው» እላለሁ። «በምን አወቅሽ?» ይላሉ። ውሃው ላይ ክዳን እደፋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ የኖርነው እንዲህ ነው።

በምን እንዳወቅኩማ አውቃለሁ። ማስረጃው ልብስ ሳጥኑ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ብሰጣቸው ጥያቄያቸው ያልቃል፤ የኔም ነገር አብሮ ያልቃል።

እኔ የሸለቆው በር ጠባቂ ነኝ። ሰው ገደል ማየት ምን ያህል እንደሚወድ እኔን ጠይቁኝ። በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል፣ በእግር መንገዱ ይወርዳል፣ ከሦስቱ መመልከቻዎች ላይ ቆሞ ወደ ታች እያየ «ወይ ጉድ» ይላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ላቡን እየጠረገ ይወጣል። ታች ያለው ወንዝ ከላይ ሲያዩት ክር ነው የሚያክለው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በሩ ላይ ተቀምጬ የወረድኩት ከአሥር ጊዜ አይበልጥም። ምን ሊያሳየኝ?

የሥራው ደንብ ቀላል ነው። የጥበቃ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ ስልሳ ምስማር፣ በየምስማሩ ላይ ደግሞ ቁጥር የተመታበት ክብ ብረት ተንጠልጥሏል። የሚወርድ ሁሉ አንድ ቁጥር ይወስዳል፣ ሲወጣ ይመልሳል፤ እንግዳም ይሁን ሠራተኛ ልዩነት የለውም። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሰሌዳው ከሞላ ታች ሰው የለም ማለት ነውና በሩ ይቆለፋል። አንድ ምስማር ባዶ ከሆነ ግን ሜትር ፊሽካውን ይዞ ይወርዳል። ሜትር የመንገዱ ጠባቂ ነው። ስሙ በቁመቱ የወጣለት ነው፤ ትክክለኛውን ስም ኃላፊያችንም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ባለቤቴ የዚሁ ሸለቆ በያጅ ነበር። የመመልከቻዎቹን የብረት አጥር የሚበይደውም፣ ቡሎኑን የሚያጠብቀውም እሱ ነው። ሰው ሁሉ «በያጁ» ይለዋል፤ እኔም ስናደድ በያጁ፣ ሲሻለኝ ደግሞ «አንተ ልጅ» እለው ነበር። ገና ሳንጋባ አንድ ቀልበ ቢስ እንግዳ አሥራ አራት ቁጥርን ታች ጥሎ መጥቶ «እና ምን ላድርግሽ?» አለኝ። ከዚያ በፊት ሌላ ብረት ጠፍቶብኝ ኃላፊው አስጠንቅቆኝ ስለነበር ውሃ ሆንኩ። በያጁ ጭንቀቴን አይቶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በመስኮት አቀበለኝ፤ ብፈታው አሥራ አራት ቁጥር ነው። ቆርጦ፣ ቁጥሩን መትቶ፣ አዲስነቱ እንዳይታወቅ በአሸዋ አሽቶ አምጥቶልኛል። ኃላፊው እያየኝ ሰቀልኩት፣ ምንም አላወቀም። ይሄን ሰውዬ ማግባት እንዳለብኝ ያኔ ነው የገባኝ።

በተጋባን በዓመቱ ዋናውን አሥራ አራት ቁጥር ቁጥቋጦ ስር አገኘው። «መለሰልሽ እንግዳው» ብሎ ሳቀብኝ። ሁለት አሥራ አራት ምን ይሠራልኛል? ጣለው አልኩት። እሱ ግን ኪሱ ከተተውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰሌዳው ቁጥር መውሰድ ተወ። ሲወርድ ያንን ብረት በመስኮቴ ያሳየኛል፣ «ሚስቴ የሰጠችኝ ፈቃድ» ይላል። ሲወጣ ደግሞ መስታወቱን በብረቱ ኳ ኳ ኳ ያደርገዋል፤ ወጥቻለሁ ማለቱ ነው። እኔም እስቅ ነበር። ጥፋታችን ይኸው ነው። እሱ ታች ይሁን ላይ ሰሌዳው ሁሌም ሙሉ ነው። ይህንን ከዓለም የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን።

የተጣላነው በእናቱ ነው። አርጅተዋል፣ ብቻቸውን ናቸው፣ እኛ ዘንድ ይምጡ አለ። ቤታችን አንድ ክፍልና እንደ ቁም ሳጥን የጠበበች ማብሰያ ናት። የት ላስተኛቸው፣ አናቴ ላይ? አልኩት። ምላሴ ሲጀምር አያርፍም፤ አንዱን ካንዱ እያነሳሁ መጨረሻ ላይ «እንግዲያው ሂድና ከእናትህ ጋር ኑር!» አልኩት። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፣ ግድግዳው ስስ ነው። እሱ ሲከፋው አይጮህም። ከሥራ በቀጥታ ወደ እሳቸው እንደሚሄድ ነገረኝና ቁርሱን ሳይጨርስ ወጣ።

የዚያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመስኮቴ አለፈ። የሦስተኛው መመልከቻ አንድ ቡሎን ላልቷል ያለው ለኔ ይሁን ለመስታወቱ እንጃ፣ አላየኝም። ብረቱን አሳየኝ። የቡሎን መፍቻው የኋላ ኪሱ ውስጥ ነበር። እኔም አኩርፌ ስለነበር አፌን ዘግቼ አሳለፍኩት። አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት?

ከዚያ አርባ ተማሪ የጫነ አውቶቡስ መጣ። አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዷ ጫማዋ ተቆርጦ ታለቅሳለች። ከታች ሲመለሱ ቁጥራቸውን እየተጋፉ ጠረጴዛዬ ላይ ይወረውራሉ፣ እኔ እሰቅላለሁ፣ ጭንቅላቴ ዞሯል። አውቶቡሱ ሲሄድ ጭር አለ። ሰሌዳውን አየሁት፣ ሙሉ ነው። ሜትር ጃኬቱን እየለበሰ «ሞላ?» አለኝ። «ሙሉ ነው፣ ሂድ» አልኩት። መስኮቴ አልተንኳኳም። ከተማሪዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ወጥቷል፣ ያላንኳኳው አኩርፎ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያ ሰሌዳ ስለ እሱ ምንም እንደማይናገር ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን አሥራ አንድ ዓመት ያመንኩት ሰሌዳ ነው፤ ዓይኔ ሲያየው ልቤም አመነ። መዝጊያ ሰዓቱን እንኳ አልጠበቅኩም። ቆለፍኩና ሄድኩ።

ማታ ስልኩን ብሞክር ዝግ ነው። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ይህንንም አውቃለሁ። እኔ ግን እናቱ ቤት ቁጭ ብሎ ሆን ብሎ ያጠፋው ነው የመሰለኝ። ይጥፋ አልኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ተኛሁ።

ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት አማቴ ጋ ደወልኩ። ልጅዎን ይቀስቅሱት፣ ይረፍድበታል አልኳቸው። «ልጄ እዚህ አልመጣም» አሉኝ።  የሸለቆውን በር እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም፤ ሜትር ከኋላዬ እየጠራኝ ደረጃውን ሮጥኩት።

ከሦስተኛው መመልከቻ ስር፣ አራት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ አልጋ የምታክል የድንጋይ እርከን አለች። እዚያ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ሜትር ከአጥሩ ላይ ሆኖ ሦስቴ ጠራው። ከዚያ ሰው ሊጠራ ስልክ ወደሚሠራበት ወደ ላይ ሮጠ። እኔ በጎን በኩል የዛፍ ሥር እየጨበጥኩ ወረድኩ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ሸሚዙ ደም ጠጥቶ ደርቋል። ፊቱ ቀዝቅዟል። መፍቻው የለም፣ ወንዙ ውስጥ ገብቷል። ቀኝ እጁ ግን ጭብጥ እንዳለ ነው፤ በፊቱ ያለው ድንጋይ ደግሞ ተፈጭቶ ነጭ ዱቄት ሆኗል።

ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቅኳቸው። አሥራ አራት ቁጥር ነበረች። ጠርዟ ከመመታት ብዛት ተቆራርጦ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል። ሲመታ ነው ያደረው። ኳ ኳ ኳ።

እንግዲህ ስሙኝ፣ ሰው እንዲህ ዓይነት ፍጥረት ነው። ባሌ ፊቴ ተጋድሞ ነው ስለ ሥራዬ ያሰብኩት። ሁለት አሥራ አራት ከተገኘ ጉዴ ይወጣል ብዬ ብረቷን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኳት። ኃላፊው ሲጠይቀኝም ሲገባ አላየሁትም አልኩ። ሰሌዳው ሙሉ ነበር አልኩ። ሜትርም ሙሉ ነበር ብሎ መሰከረልኝ፣ ምስኪን እውነቱን ነው። ኃላፊው ያለ ቁጥር፣ ያለ ሥራ ትእዛዝ፣ ከሰው ተደብቆ ገባ ብሎ ጻፈ። በማግስቱ የጣለው ዝናብ የድንጋዩን ዱቄት አጠበው።

ተደብቆ ገባ። ጠዋት ከሚስቱ ተጣልቷል። ባዶ እጁን ገደል ስር ተገኘ። ሰው ምን ይበል? ራሱን ጣለ አለ። ወሬውን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ አሳድገው እናቱ ጆሮ ያደረሱት ጎረቤቶቼ ናቸው። ከቀብሩ በኋላ አማቴን ብቻቸውን መተው አቃተኝና ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። ቦታ የለም ብዬ የተጣላሁባቸው ሴት አሁን በእሱ በኩል ይተኛሉ። ቦታው በቂ ነው።

ባለፈው ሳምንት በዕረፍት ቀኔ ጥያቄያቸውን ለወጡ። «ቦታውን አሳዪኝ» አሉ። ጉልበታቸውን ሰበብ ባደርግ፣ ፀሐዩን ሰበብ ባደርግ፣ ጆሮ ዳባ አሉኝ። ስንወጣ ካልሲውን ከልብስ ሳጥኑ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። ልሰጣቸው አልነበረም። ዞር ሲሉልኝ ወደ ወንዙ ልወረውረውና ልገላገል ነበር ያሰብኩት።

በሩ ላይ ሜትር ተተክቶልኝ ነበር። ለአማቴ ዘጠኝ ቁጥርን፣ ለኔ አሥርን ሰጠንና አይቶን አንገቱን ደፋ። ደረጃውን እየተደገፉኝ ወረዱ። መጀመሪያው መመልከቻ ላይ ትንፋሽ ሊሰበስቡ ቢቆሙ አንድ ወጣትና ፍቅረኛው ፎቶ ሊነሱ ነበርና «እማማ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» አሏቸው። አማቴ ይቅርታ ጠይቀው ፈቀቅ አሉ። 

ሦስተኛው ላይ ማንም አልነበረም። ላልቶ የነበረው ቡሎን በአዲስ ተተክቷል፣ ያብረቀርቃል። አማቴ አጥሩ ጋ ቆመው ደረታቸውን አስጠጉ፣ በእጃቸው ከፍታውን ለኩ። ወንዙን አላዩም። ቆይተው «ይሄ ደረቴ ድረስ ነው። ሰው በዚህ ላይ አያዳልጠውም። ልጄ ተሻግሮ ነው የወጣው» አሉኝ።

ቡሎኑ የሚታሰረው በውጭ በኩል ነው፣ አላልኳቸውም። ብል ኖሮ ለቡሎን እንደወረደ በምን አወቅሽ ይሉኝ ነበር።

«የተጣላችሁት በኔ እንደሆነ ሰምቻለሁ» አሉ። «እናቴን የት ላድርጋት ብሎ ነው የሞተው። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ቃላቸው ውስጥ እንባ የለም። ሲያስቡበት ከርመው የደረሱበት ነገር ነው። እኔ ልወረውር ኪሴ ውስጥ የጨበጥኩት ካልሲ በላብ ረጥቧል። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«እርስዎ አይደሉም» አልኩና አወጣሁላቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የጋዜጣውን፣ የመስኮቱን፣ የቡሎኑን፣ የተማሪዎቹን፣ ከእጁ የፈለቀቅኩትን፣ ለኃላፊው የዋሸሁትን።  የብረቷን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዙሪያዋን ዳሰሱት፣ እንደገና ዳሰሱት።

«ሲመታ ነበር?»

«አዎ እማማ።»

«መኖር ይፈልግ ነበር።»

«አዎ።»

ተገላገሉ ልበል? ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲፈታ አየሁ። እኔም ሞኝ፣ ይቅር የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብለው ጉልበታቸውን አጠፉ፣ አጥሩ ሥር ካለው ቋጥኝ አጠገብ ተንበረከኩና በብረቷ ድንጋዩን መቱት። ኳ ኳ ኳ። ድምፁ ማዶ ካለው ገደል ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። ጆሯቸውን ጣል አድርገው አዳመጡ፣ ደግመው መቱ። እማማ ይበቃል ብላቸው አልሰሙኝም። ልጃቸውን ለመስማት ነው ብዬ ተውኳቸው።

ብዙም አልቆየ፣ ከላይ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ሜትር ነው፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ እየዘለለ ሦስት ሦስት ደረጃ እየረገጠ መጣ። ሁለታችንንም ደህና ሲያየን አጥሩን ተደግፎ መተንፈስ ጀመረ።

«ምን ሆናችሁ? የሆነ ሰው የሚጠራ መስሎኝ» አለ። «ጭር ሲል እኮ በሩ ድረስ ይሰማል። መስኮቴን የሚመታ ነው የመሰለኝ።»

አማቴ ብረቷን ከድንጋዩ አላነሱም። ቀና ሳይሉ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«ያን ቀን በሩን በስንት ሰዓት ቆለፍሽው?»

ሜትር እሳቸውን አየ፣ ብረቷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«በአሥራ አንድ» አልኩ።

«መዝጊያውስ ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ ተኩል» ብሎ የመለሰላቸው ሜትር ነው።