ሦስተኛዋ ሰው

ሊኑክስን የማያውቅ ሰው የታደለ ነው። እኔና ሎርን አልታደልንም። በነጻ የሚገኝ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ያዢው ሁሉ ደግሞ የእኔ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው። እኔ የዴቢያን ሰው ነኝ፣ ሎርን የጄንቱ።

በካናዳዋ ከተማ በተንደር ቤይ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ የሊኑክስ ወዳጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰበሰባለን። ድሮ ወንበር አይበቃንም ነበር። አንዱ ሞተ፣ ሌላው ልጆቹ ዘንድ ሄደ፣ ሌላው በስልኩ ረክቶ ቤቱ ተቀመጠ፤ ሁለታችን ቀረን። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ድምፅ ያለው ፍሪጁ ብቻ ነው። “ተሳስተሃል” የሚለኝ ሰው ቢኖር ሎርን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ኮሌት በሩ ላይ ቆመች።

“ጋሼ አርቮ፣ አትቀየሙኝ። ክፍሉን ሌሎች እየጠየቁ ነው። ዛሬም ሦስት ካልሞላችሁ የመጨረሻችሁ ነው።”

“ይኼ ሰውዬ እያለ ማን ይመጣል ብለሽ?” አለ ሎርን ወደ እኔ እየጠቆመ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

አፉን ሳይዘጋ አንዲት ሴትዮ ላፕቶፕ አቅፈው፣ በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ ገቡ። እግዜር ይስጣቸው! ሮጬ ወንበር ሳብኩላቸው። ዊልማ ነው ስማቸው።

“አርጅቷል ጣይው አሉኝ፤ አሳዘነኝ” አሉ። “ለእህቴ ደብዳቤ ብጽፍበት ይበቃኛል። ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ እየመጣሁ እማራለሁ።”

ኮሌትን በዐይኔ ጠቀስኳት። ሞላን!

“ዴቢያን እንጭንልዎታለን፣ አያስቸግርም” አልኩ።

“ኧረ ባክህ!” አለ ሎርን። “ያደረ ወጥ ልታበላቸው? ጄንቱ ነው እንጂ፤ ሁሉንም በማሽኑ ልክ ይሰፋዋል።”

“ሲሰፋ ሲሰፋ ፋሲካ ይደርሳል!”

“በፓይዘን የኮምፒውተር ቋንቋ ሁለት መስመር ጽፎ ፕሮግራም አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ምኑን ያውቃል?”

“አንተ ደግሞ ሲ ከሚሉት ቋንቋህ ጋር ተቀበር!”

“ደብዳቤ መጻፊያ ያለው የትኛው ላይ ነው?” አሉ ዊልማ ቀስ ብለው።

“ሁሉም ላይ አለ!” ብለን ባንድ አፍ ጮኸንባቸውና ወደ ጠባችን ተመለስን።

ድምፃችን ሰልሎ ዘወር ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ምንጣፉ ላይ የቀለጠ በረዶ አለ።

“ሄዱ” አለች ኮሌት። “‘ሲስማሙ እመጣለሁ’ ብለዋል።” ከዚያ የክፍሉን ቁልፍ እንድመልስላት እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት።

ውጪ ሎርን የመኪናውን መስታወት ከበረዶ እየፋቀ ነበር። ፍቆ ሲጨርስ፣

“አርቮ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ለሴትዮዋ ዴቢያን ይሻላቸው ነበር” አለኝ።

ይችን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ዘመን ተመኝቻለሁ! ስሰማት ግን ደነገጥኩ።

“ተሳስተሃል” አልኩት፤ “ጄንቱ ነበር የሚሻላቸው።” ተከራከረኝ እባክህ ማለቴ ነው።

“ይሆናል” አለና ሞተሩን አስነሳ።

መኪናው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ነው የሎርንን ስልክ ቁጥርም ቤቱንም እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ። ጠይቄው አላውቅም። ምን ያደርግልኛል፣ ቅዳሜ አገኘው የለ እል ነበር።