የታቤላ ጻፊው አዲስ እጅ

ተክለማርያም በግብር መሰብሰቢያ ቤቱ ግንብ ላይ ያለውን ጽሑፍ ገና ሳያነበው የማን እጅ እንደሆነ ዐወቀ። የራሱ እጅ ነበር። ጭንቁ፣ እሱ አለመጻፉ ነው።

ቅዳሜ ነው፤ የጎባ ገበያ ቀን። ከሮቤ በኩል ገብስ ጭነው የመጡ አህዮችና በቅሎዎች መንገዱን ሞልተውታል። ሰው ግን ወደ ገበያው መሄዱን ትቶ ግንቡ ሥር ቆሟል። ማንበብ የሚችለው ዝም ብሏል፤ የማይችለው ደግሞ የሚችለውን ሰው ፊት ያነባል። በነጭ የዘይት ቀለም፣ ክንድ በሚያህል ፊደል፣ «የወሰዳችሁትን መሬት መልሱ» ይላል።

ተክለማርያም ፊደሉን አንድ በአንድ አየ። የፊደሉ እግር ወደ ግራ ጥቂት ዘመም ብሎ ጫፉ እንደ ማረሻ ይሾላል፤ አንገቱ ላይ ብሩሹ ትንሽ ዐረፍ ብሎ ያወፍረዋል። ይህን አጣጣል የወረሰው ከአባቱ ነው። ቀና ቢል ያው እግርና ያው አንገት ከጨርቅ ነጋዴዋ ከጁሀራ ሱቅ ታቤላ ላይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ፣ ከልብስ ሰፊው፣ ከዚያም አልፎ ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቁልቁል ያየዋል። በጎባ እሱ ያልጻፈው ታቤላ የለም ማለት ይቻላል። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚህ ሲኮራ ኖሯል። ያን ጠዋት ግን ከተማው በሙሉ ጣቱን የቀሰረበት መሰለው።

አባቱ ከመንዝ የመጡ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ሸምበቆ ቀርጸው የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይጽፋሉ። ተማሪ ሲያስመርቁ አንድ ልማድ ነበራቸው። አንዱን መስመር እሳቸው፣ ቀጣዩን ተማሪው ይጽፋል፤ ከዚያ ሦስተኛ ሰው ይጠራና «የትኛው የማን ነው?» ይባላል። ሰውየው መለየት ካቃተው ተማሪው የመምህሩን እጅ ወርሷል ማለት ነው፤ ይመረቃል። የራሴን መልክ ላምጣ ባይ ተማሪ በእሳቸው ቤት ወር አይቆይም ነበር። ተክለማርያም ብራናውን ትቶ ቆርቆሮ ላይ መጻፍ ሲጀምር ሽማግሌው አኩርፈውታል፤ እሱ ግን ልማዱን አልተወም። በዚህ ፈተና ያሳለፈው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ዲኖ የሚባል የጊኒር ከብት ነጋዴ ልጅ። ዲኖ ካቻምና ወደ ሃረና ደን ወርዶ በዚያው ቀረ። ቡና ለቀማ ነው የሄደው የሚሉ አሉ። ከሸፈቱት ጋር ጫካ ገብቷል የሚሉት ግን ይበዛሉ።

«ዲኖ ነው» አለ ተክለማርያም በልቡ። «ተመልሶ መጥቶ ሊያስገድለኝ ነው።»

ሰኞ ዕለት የፖሊስ አዛዡ ሻለቃ ኃይለየሱስ ወደ ተክለማርያም ሱቅ ጎራ አለ። ወደ ጎባ ከተዛወረ ገና መንፈቁ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ሰውን ሁሉ አንቱ የሚል ሰው ነበር፤ ትሕትናው ከቁጣ ይልቅ ያስፈራል።

«እርስዎ የፊደል ሰው ነዎት፣ ጋሽ ተክለማርያም» አለ። «ያን ጽሑፍ ማን የጻፈው ይመስልዎታል?»

«እንጃ ሻለቃ። ብሩሽ ያልለመደ ሰው ሳይሆን አይቀርም።»

ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ እንኳ፣ ያን የመሰለ ጽሑፍ ማንቋሸሹ አሳፈረው።

«እኔን ግን ደስ ብሎኛል፣ አጻጻፉ ማለቴ ነው» አለ ሻለቃው ፈገግ ብሎ። «ፎቶግራፍ አንስተን ግንቡን በኖራ ለብጠነዋል። ከዘውድ በዓል በኋላ የጽሕፈት መርማሪ ከአዲስ አበባ ይመጣልናል። እሱ በከተማው ያለውን ጽሑፍ ሁሉ እያስተያየ ሰውየውን ያወጣልናል።»

ሲወጣ በሩ ላይ ባለው ታቤላ ሥር ቀና ሳይል አለፈ። ተክለማርያም እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሲገርፉት ታየው። የእሱ ነገር እንኳ ይሁን፤ እሱ ከታሰረ ይርጋለምን ማን ያያታል?

ይርጋለም አንድ ልጁ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ግማሽ ቀኗን በአባቷ ሱቅ፣ ግማሹን ማዶ ባለው በጁሀራ ቤት እያሳለፈች ነው ለአቅመ ሔዋን የደረሰችው። ጁሀራ ጨርቅና ቡና የምትነግድ የአገሬው ሴት ናት፤ የአባቷ እርሻ በቀላድ ገመድ ተለክቶ ለሌላ ከተሰጠ ወዲህ ስለ መሬት ሲነሣ ይርጋለም ፊት ሳይቀር ድምፅዋ ይሰበራል። ሱቁ ውስጥ ተክለማርያም ጠመኔ የተቀባ ክር ወጥሮ መስመሩን ይመታል፣ የፊደሉን ዳር ዳር ይነድፋል፤ መሐሉን በቀለም የምትሞላው ይርጋለም ናት። ሴት ልጅ ናት ብሎ ለፈተናው አስቀምጧት አያውቅም። ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ፣ ቀለሙ እንዲለቅላት፣ የሚላት ነገር አንድ ነው፦ «እጅሽን በላምባ ታጠቢ።» ያን ቀንም አላት።

ዘዴው የመጣለት ሲነጋጋ ነው። ከተማው ለዘውድ በዓል ይመር ተብሎ ታዟል። እሱ ታዲያ ታቤላውን ሁሉ በነጻ ላድስ ቢል ማን ይጠረጥረዋል? አሮጌውን እየፋቀ በሌላ እጅ ይጽፈዋል። መርማሪው ሲመጣ ከፎቶግራፉ ጋር የሚገጥም አንድ ፊደል በጎባ እንዳያገኝ።

አዲሱን እጅ በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ፈጠረው። እግሩ ቀጥ ያለ፣ አንገት የሌለው፣ ዳር ዳሩ እንደ ጡብ የተቆረጠ ፊደል። ገና ሲያየው ጠላው። ይርጋለም በትከሻው ላይ አጎንብሳ አየችና፦

«አባባ፣ ይኼ ደግሞ የማን እጅ ነው?»

«የዘመኑ ነው። አዲስ አበባ አሁን እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

ፊቱን ትክ ብላ አየችውና ብሩሿን አንሥታ መሙላት ጀመረች።

አባትና ልጅ መሰላል ተሸክመው ከበር ወደ በር ዞሩ። ተክለማርያም የዕድሜውን ሥራ በገዛ ምላጩ እየፋቀ አወረደ። ሰው ግን ይመርቀዋል። ጁሀራ ብቻ ከሱቋ ወጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አዲሱን ታቤላ አየች።

«አከም ቡልተኒ፣ እንዴት አደርክ ጋሽ ተክሌ» አለች። «ወላሂ እውነቱን ልንገርህ? የድሮው ስሜን ሲጠራ ፈገግ ያለ ይመስል ነበር። ይኼኛው ግብር አምጪ የሚለኝ ነው የሚመስል።»

«ትለምጂዋለሽ» አላት፤ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

መጨረሻ የቀረው የፖሊስ ጣቢያው ነበር። ሻለቃው ራሱ ወጥቶ መሰላሉን ያዘለት።

«ይኼ ምን ጎደለው?» አለ ሻለቃው ከታች።

«አርጅቷል፣ ሻለቃ።»

«በየቀኑ ከሥሩ እገባለሁ፤ ልብ ብዬ ሳየው ግን ዛሬ ገና ነው። እስቲ ይቆዩ፣ አይፋቁት…»

ተክለማርያም እንዳልሰማ ሆኖ ምላጩን አጣደፈው። የተፈቀፈቀው ቀለም በሻለቃው ቆብ ላይ ረገፈ። ሻለቃው ቆቡን አውልቆ አራገፈና ሌላ ነገር ሳይናገር ገባ። ተክለማርያም ሲወርድ እግሩ የመሰላሉን እርከን ይስት ስለነበር ይርጋለም ደግፋ አወረደችው።

የዘውድ በዓል አለፈ። መርማሪው መንገድ ላይ ነው ተባለ። ተክለማርያም ትንሽ እንቅልፍ አገኘ፣ ምግብም መቅመስ ጀመረ። እንዲህ እንዳለ አንድ ጠዋት ፖሊስ መጥቶ «ሻለቃው ግብር ቤቱ ጋ ይፈልጉሃል» አለው።

ኖራ የተለበጠው ግንብ እንደገና ተጽፎበታል። ያው ቃል ነው። ፊደሉ ግን እግሩ ቀጥ ያለ፣ አንገት የሌለው፣ ዳሩ እንደ ጡብ የተቆረጠ ነው።

ዲኖ ሃረና ነው፤ ይህን እጅ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ይህን እጅ ከእሱ ሌላ የያዘ ሰው በምድር ላይ አንዲት ብቻ ናት። ሰው ሲናገር የአባቱን ድምፅ እያወጣ ሳያውቀው እንደሚኖር፣ የእሷም እጅ ሳታውቀው የአባቷን እጅ እየተከተለ ኖሯል። የእሱ ሲለወጥ የእሷም ተለወጠ። የመጀመሪያውንም የጻፈው ዲኖ አልነበረም። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲፈራ የኖረው መፍራት የማይገባውን ሰው ነው።

ሕዝቡ መሐል ይርጋለም ጁሀራ አጠገብ ቆማለች። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል።

«ይኼኛው የሌላ ሰው ነው» አለ ሻለቃው ፎቶግራፉን ይዞ። «አይመስልዎትም?»

ከዚያ ዐይኑን ቀስ ብሎ ከግንቡ ላይ አነሣ። የጁሀራን ታቤላ አየ። የመድኃኒት ቤቱን አየ። ልብስ ሰፊውን፣ ከዚያም ዞሮ የራሱን ጣቢያ አየ። ወደ ተክለማርያም ሲመለስ አንቱታው ጠፍቶ ነበር።

«አንተ፣ በዚህ እጅ የሚጽፍ ሌላ ሰው አለ?»

ይርጋለም አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች፤ አፏን ከፈተች።

«የለም!» አለ ተክለማርያም፤ ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«የመጀመሪያውንስ?»

«እሱንም እኔ። እንዳልያዝ ብዬ ነው እጄን የለወጥኩት።»

ሻለቃው ቀለምና ብሩሽ አስመጣ። «ጻፍ» አለው። «ሁለቱንም።»

ብሩሹ ግንቡን ሲነካ የተክለማርያም እጅ የሚያውቀውን ሠራ። መጀመሪያ አዲሱን ጻፈ። ቀጥሎ የአባቱን፣ እግሩ ዘመም የሚለውን፣ አንገቱ ላይ የሚያርፈውን። ዳግመኛ እንደማይጽፈው ስላወቀ አልቸኮለም። ሻለቃው ወደ ግንቡ ቀረበ፣ ራቀ፣ ፎቶግራፉን አስተያየ፣ ላይኛውን መስመር ከታችኛው አመሳከረ። ሳያውቀው የሽማግሌው ፈተና ሦስተኛ ሰው ሆኖ ቆሟል። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተው።

ስለዚህ ይርጋለም ተመርቃለች። ይህን ሊነግራት ግን አይችልም።

ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ ልጁ ልትሮጥ ስትል ጁሀራ ክንዷን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻት። በአጠገባቸው ሲያሳልፉት ተክለማርያም ቆም አለ። ፖሊሶቹ አባት ልጁን ይሰናበት ብለው ለቅጽበት ተዉት። አላለቀሰም፣ አልመከረም። እንደ ማታ ማታው፣ በደከመ ድምፅ፣

«እጅሽን በላምባ ታጠቢ» አላት።