ትከሻና መርገጫ

«አቁመው! አቁመው አልኩህ እኮ!»

ሻጩ ቁልፉን ሲጫን፣ የድራም ድምፅ በራሱ ከሚያሰማው መሣሪያ ይንጓጓ የነበረው ምት ተቋረጠ፤ የሙዚቃ ዕቃ መደብሩም ጸጥ አለ። ዘፋኟ ጊታሯን ከደረቷ ሳታወርድ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ማሽኑ ሲጀምር እርሷ ዘግይታ ነበር፤ እርሷ ስትገባ ደግሞ ማሽኑ ጥሏት ሄዷል።

«እናቴ፣ ትንሽ ቢለምዱት እኮ...» አለ ሻጩ።

«እናትህ አይደለሁም። ይህን ያህል አላረጀሁም።»

«ይቅርታ፣ እኅቴ።»

ከበስተኋላዋ፣ በተገለበጠ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ላይ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ሣቁን ለመደበቅ አፉን በእጁ ከደነ። ድስትም ይሁን ወንበር ያገኘውን ሁሉ ሲደበድብ ስላደገ ቤተ ዘመዱ «ድምድም» ይለዋል። ቀን ቀን ቤት ይቀባል፤ ማታ ማታ እኅቱ በምትዘፍንበት ምግብ ቤት ከኋላዋ ተቀምጦ ድራም ይመታል። ይመታ ነበር ማለት ሳይሻል አይቀርም። የምግብ ቤቱ ባለቤት ድራሙ የያዘው ስፍራ ሁለት ጠረጴዛ ያስዘረጋል ብሎ ካሰላ በኋላ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ብቻዋን ከድራም ማሽን ጋር እንድትመጣ፣ አለዚያ በእርሷ ቦታ ሌላ ሰው እንደሚያስገባ ቁርጡን ነግሯታል። እርሷ ደግሞ ስለ እነዚህ መሣሪያዎች አንዳች አታውቅም። ስለዚህ የወንድሟን ቦታ የሚወስደውን ዕቃ እንዲመርጥላት ይዛው የመጣችው ያንኑ ወንድሟን ነበር፤ ከመደብሩ ከገባችበት ሰዓት ጀምሮም በዚህ ራሷን ስትወቅስ ቆይታለች።

«ከሁሉ ርካሹ ይኼ ነው፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው» አለ ሻጩ።

«ማስጀመሪያው የቱ ነው?» ሲል ድምድም ጠየቀ።

«ይቺ ቀይ ቁልፍ።»

«በእጅ?»

«በእጅ ነዋ!»

«እትዬ፣ አንዱ እጅሽ የጊታሩን አንገት ይይዛል፤ ሌላው ክሩን ይመታል። ሦስተኛ እጅ ካበቀልሽ ግሩም ዕቃ ነው።»

«ቀልድህን እዚያው። የምትለውን በወጉ በል።»

«አልኩ እኮ። አይሆንሽም።»

ሻጩ ሁለተኛውን አወረደ። ይህኛው ፊቱን ሞልቶ የሚብለጨለጭ መብራት ነበረው፤ በውስጡ የሌለ ምት እንደሌለም ሻጩ እየማለ ተናገረ። ዳሩ ግን ከአንዱ ምት ወደ ሌላው ለመሻገር አንድ ቁልፍ ተጭኖ ዝርዝር መክፈት፣ ከዝርዝሩም ውስጥ ሌላ ዝርዝር መፈለግ ያሻ ነበር። ዘፋኟ ጎንበስ ብላ ጣቷን ስትሰድ ለዝግተኛው ዘፈን የፈለገችውን ስታ የጭፈራውን ነካች፤ መሣሪያውም እንደ ዕብድ ይንደቀደቅ ጀመር።

«ሰዉ በትካዜ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ይህን ብትለቂበት ማንኪያውን ጥሎ ነው የሚሮጠው» አለ ድምድም። «ደግሞ የመድረኩ መብራት ደብዛዛ ነው፤ ያን ጥቃቅን ጽሑፍ በምን ዐይንሽ ታነቢዋለሽ?»

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቷ ተሟጠጠ።

«አሁን ገባኝ! አንተ ምንም እንድገዛ አትፈልግም። ለአንዱ እጅ የለሽም፣ ለአንዱ ዐይን የለሽም። ባዶ እጄን እንድመለስልህ ነው የምትፈልገው!»

የድምድም ፈገግታ ከፊቱ ጠፋ። «እኔ እንዲህ ነኝ፣ እትዬ?»

መልስ ሳትሰጠው ስልኳ ጮኸ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ነበር።

«አቤት ጋሼ... አዎ፣ ዛሬ ነው... አዎ፣ ብቻዬን ነኝ...» ወንድሟን ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞረች። «አይ፣ እርሱ አይመጣም። ጠረጴዛዎቹን ያስገቧቸው።»

ስልኩን ዘጋች። ሻጩ ንጹሑን የባንኮኒ መስታወት ደጋግሞ ወለወለ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን አትቆጪ» አለ በመጨረሻ ድምድም።

«ተቆጥቼ ጨርሻለሁ።»

«ችግሩ ከዕቃዎቹ ብቻ አይደለም። አንቺ ዘፈን ስትጀምሪ ቆጥረሽ አታውቂም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለሽ አታውቂም። ትንፋሽ ትስቢያለሽ፣ ግራ ትከሻሽ ከፍ ይላል፤ ትከሻሽ ሲወርድ እኔ እመታለሁ። ስትጨርሺም እንዲሁ ነው። ዐይኔን ከትከሻሽ ላይ አንሥቼ አላውቅም።»

ዘፋኟ ግራ ትከሻዋን በእጇ ዳሰሰች። ሁለቱ አብረው መጀመራቸው እንደ መንጋትና እንደ መምሸት በራሱ የሚሆን ነገር ይመስላት ነበር። እንዴት እንደሚሆን ለማየት አንድም ቀን ወደ ኋላዋ ዞራ አታውቅም።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? እየሠራ!»

ከሣጥኑ ተነሥቶ ወደ ታችኛው መደርደሪያ አመለከተ። «ያ ግራጫው ምንድን ነው?»

«እርሱ ያገለገለ ነው» አለ ሻጩ። «መብራት የለው፣ ምቱም ጥቂት። ሰው አይጠይቀውም።»

«የእግር መርገጫው ይሠራል?»

«መሥራቱንስ ይሠራል።»

መርገጫውን አራት ጊዜ በእግር ሲመቱት፣ ማሽኑ ያንኑ ፍጥነት ጠብቆ ይገባል፤ ረግጠው ሲያቆዩት ደግሞ በአንድ የመጨረሻ ምት ይዘጋል። እጆች ከጊታሩ አይነሡም። ዋጋውም ከአቅሟ አያልፍም ነበር።

በመጀመሪያው ሙከራ ትከሻዋ ተነሣ፤ እግሯ ግን ረሳ። ማሽኑም አልጀመረም።

«እግርሽን!» አለ ድምድም።

በሁለተኛው እግሯ ተቻኮለ፤ ማሽኑም ተከትሏት ጋለበ።

«ማን እያባረረሽ ነው?»

«ኧረ በፈጣሪ ዝም በል!»

በሦስተኛው ዐይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጥራ ገባች። ዘፈኑን ከዳር አደረሰችው፤ መርገጫውንም ረግጣ ስታቆይ የጊታሯ ድምፅና የማሽኑ ምት በአንድ ላይ ዐረፉ። ሻጩ አጨበጨበ። ድምድም ጣቶቹ ጭኑን ሲመቱ መቆየታቸውን ያወቀው ያን ጊዜ ነበርና እጆቹን አጣጥፎ በብብቱ ሸሸጋቸው።

«ባዶ ቦታም አለው» አለ ሻጩ ገበያው ስለቀናው ደስ ብሎት። «የራስን ምት መቅዳት ይቻላል። ወንድምዎ እዚሁ ቢመቱልዎት፣ ማሽኑ በራሱ ምት ፈንታ የእርሳቸውን ያሰማል።»

የድምድም ፊት በራ። «እውነቱን ነው እትዬ! የእኛን ዘፈኖች በሙሉ እሞላልሻለሁ። ባልኖርም አለሁ ማለት ነው!» የድራም ዱላዎቹን ከኋላ ኪሱ አውጥቶ ነበር።

ዘፋኟ ዱላዎቹን አየች፤ በቀለም የተለቀለቁትን ጣቶቹንም አየች። እሺ የሚለው ቃል ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«አይሆንም» አለች።

«ለምን? አያስከፍልም እኮ!»

«የአንተን ምት ከሰማሁ መቁጠሩን እተወዋለሁ። ከኋላዬ ያለህ ይመስለኛል። ትከሻዬን አነሣለሁ፤ የሚያይልኝ ግን የለም።»

«አንቺ ደግሞ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ዱላዎቹን ወደ ኪሱ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

«ባዶው ባዶ ይሁን፤ እንዳለ ጠቅልልልኝ» አለችው ሻጩን። እርሱም ሶኬቱን ሊነቅል እጁን ሲዘረጋ፣ «ቆይማ፣ አንዴ ልድገመው» ብላ ከለከለችው። ጀርባዋን ለወንድሟ ሰጥታ ቆመች፤ እግሯን መርገጫው ላይ አኖረች፤ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅም መቁጠር ጀመረች።