ሴት የማትጠቁመው ተራራ

«ተመልሷል እኮ!»

ሽማግሌው ጉማን ይህን ያላለበት ደጃፍ አልነበረም። ድንች ሲለቀም ይላል፤ በግ ሲሸለት ይላል፤ ቅቤ የገባበትን ሻይ እፍ እያለ ይላል። «እላይ ሸንተረሩ ላይ እረኞቹ አይተውታል። ክንዱ ከጉልበቱ የሚደርስ፣ ሸክም ያዘለ፣ ብቻውን የሚሄድ። መንገድ ነው የሚጠይቀው። ወንድ ግን አይጠይቅም፤ ሴት ፈልጎ ነው የሚጠይቀው።»

«ብልህ ነዋ!» አለች የወንድሙ ልጅ ራጁሊ። «እርስዎን ቢጠይቅዎት ወሬውን ሳይጨርሱለት በረዶ ይወርድበታል፣ አጎቴ።»

«ሳቂ አንቺ! ምላስሽ አንድ ቀን ያስከፍልሻል።»

ስሙን ጉማንም አይጠራውም። በዚያ መንደር የሚጠራው የለም። ታች ቆላ ያለው ሕዝብ ቤተ መቅደስ ሠርቶለታል፣ ቀይ ባንዲራ ሰቅሎለታል፣ በስሙ ይምላል። ከድሮናጊሪ ተራራ ሥር የሚኖሩት ግን ቂመኞች ናቸው። በዚያ በጥንቱ ጦርነት የልዑሉ ወንድም ቆስሎ ነፍሱ ልትወጣ ስትል፣ ይኸው የዝንጀሮ መልክ ያለው አምላክ መድኃኒት ፍለጋ ወደዚህ በረረ። ቅጠሉን ከቅጠል መለየት ቢያቅተው የተራራውን ጎን ገምሶ ይዞት ሄደ። የልዑሉ ወንድም ዳነ፤ ተራራው ግን አልተመለሰም። የተገመሰበት ቦታ ዛሬም ያልሻረ ቁስል ይመስላል። መንገዱን ያሳየችው ደግሞ የመንደሩ አሮጊት ነበረች ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቀይ ጨርቅ በመንደሩ አይሰቀልም፣ አይለበስም። ሴት ልጅም ወደ ተራራው በጣቷ አትጠቁምም፤ ግድ ከሆነባት በአገጯ ነው።

«የሰረቀው ወንድ፣ ጣቷ የታሰረው ሴት» ትላለች ራጁሊ። ትላለች እንጂ እሷም ጠቁማ አታውቅም።

በዚያ መኸር ሳቋ ከጥርሷ አላለፈም። እናቷ ሃውንሳ ሳንባዋ ታሞ ተኝታለች። ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ገለባ የሚረገጥ ይመስላል። መንደሩ በረዶውን ሸሽቶ ግማሹ ወደ ክረምት ቤቱ ወርዷል፤ ቃሬዛ የሚሸከሙት ወጣቶች የሚመጡት በማግስቱ ነው፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ ከድልድዩ ማዶ፣ ከገደሉ በታች፣ መኪና ከሚደርስበት ነው። እናቷ እዚያ ድረስ መቆየቷን ማንም አፉን ሞልቶ አልተናገረም።

ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወረደ። ራጁሊ ላይኛው እርሻ ላይ ለዘር የሚሆነውን ድንች ጉድጓድ ውስጥ ትቀብራለች፤ እንዝርቷን ከወገቧ ሻጥ አድርጋለች። አጠገቧ ሼሩ ተኝቷል፤ ነብር ያባረረ የበግ ውሻ ነው። ድንገት ሼሩ ቀና አለ፤ ወዲያው አገጩን መሬት ላይ አስተኝቶ ዓይኑን ጨፈነ። አልጮኸም።

ሰውየው እዚያው ቆሟል። ከየት በኩል እንደመጣ አላየችም። ያረጀ የወታደር ካፖርት ለብሷል፤ እጅጌው ከክርኑ ብዙም አያልፍም፣ ክንዱ ግን ወደ ታች ይቀጥላል። ጉሙ የእሷን ሻሽ አበስብሶት ሳለ ካፖርቱ ደረቅ ነው። ጀርባው ላይ ያዘለው እቃ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እህቴ» አለ፤ «ቅጠሉ ያለበት ተራራ የቱ ነው?»

«የምን ቅጠል?»

«ሰው ሊሞት ሲል የሚሰጠው።»

ሌላ ሴት ብትሆን ዶማዋን ጥላ ትሮጥ ነበር። ራጁሊም እግሯ ሊሮጥ ፈልጎ ነበር፤ ምላሷ ቀደመው።

«ባለፈው ተራራ ገምሰህ የሄድክ ሰውዬ፣ ዛሬ መንገዱ ጠፋህ?»

ሰውየው አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ትንሽ አሰበና «ያኔ ጨለማ ነበር» አለ።

ከዚህ በኋላ ማን እንደሆነ አልጠየቀችውም። በአእምሮዋ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ የገለባ ድምፅ።

«ስማኝ» አለች። «የወሰድከው የእኛ ነው። የሰው ወንድም አዳንክበት፤ ደግ አደረግክ። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ በሳል እንሞታለን። እናቴ ተኝታለች። መንገዱን አሳይሃለሁ፣ አንተ ደግሞ አንዲት ቅጠል ታመጣልኛለህ። ቤታችን ሰማያዊ በር ያለው ነው። ነገ ከመውረዳችን በፊት።»

«እሺ።»

«እሺማ ማንም ይላል!»

ከእንዝርቷ ላይ ግራጫ የሱፍ ክር በጠሰችና የእጁ አንጓ ላይ አሰረችለት። ያገሩ ልማድ ነው፤ ሴት ክር ያሰረችለት ወንድ ወንድሟ ይሆናል፤ ለእህቱ የገባውን ቃል የበላ ወንድም ደግሞ ውሻ እንኳ አይጠጋውም። የአንጓው ጠጉር እንደ በግ ፀጉር ጥቅጥቅ ያለ ነበር፤ ክሩ ሁለቴ ሊዞር ሲገባው አንዴ ብቻ ዞረ።

ከዚያ እጇን ዘረጋችና በጣቷ ጠቆመች።

ጉሙ ያን ጊዜ ለቅጽበት ተገለጠ፤ የተራራው ጫፍ ነጭ ሆኖ ታየ፣ መልሶም ተሸፈነ። ሰውየው ወደዚያው ሄደ። ራጁሊ አዲስ የተቆፈረውን አፈር አየች። ያረፈበት የእሷ እግርና የሼሩ መዳፍ ብቻ ነው።

በማግስቱ ንጋት ላይ በረዶ መጣል ጀመረ። ራጁሊ እናቷን በብርድ ልብስ ስትጠቀልል ጆሮዋ ደጅ ነበር። ብትወጣ ያገኘችው ግን ጉማንን ነው፤ ዱላውን ይዞ አጥሩ አጠገብ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰው መጥቶ ነበር?» አለችው።

«ማን ይመጣል በዚህ በረዶ? ግቢ! እናትሽን አዘጋጂ!»

ሸንተረሩን አየች። ባዶ ነው። ቃሬዛው ተነሣ። በአጥሩ በር ሲያልፉ ሃውንሳ ድንገት ቀና አለች።

«ምንድነው የሚሸተው?»

«ምንም አይሸትም፣ እማዬ።»

«ይሸታል እንጂ። ደስ ይላል።» እስከ መታጠፊያው ድረስ ትንፋሿ እንደ ጤነኛ ሰው ጠራ፤ ተሸካሚዎቹ እንኳ እርስ በርስ ተያዩ። ራጁሊ ልቧ ዘለለ። መታጠፊያውን ሲያልፉ ገለባው ተመለሰ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቆመ።

እንደ አገሩ ወግ እናቷን ከወንዙ ዳር አቃጠሏት፤ አመዷንም ወንዙ ወሰደው።

ያን ሁሉ የበረዶ ወራት ራጁሊ ታች ባለው ቤት ምንጣፍ ስትሸምን ከረመች። የቆላ ጎረቤቶቿ ወደ ቤተ መቅደስ ሲሄዱ ከበሯ ላይ ሆና ትሳደባለች። «ለሌባ ነው አበባ የምትወስዱት? ክር ታስሮለት የከዳ ነው!» ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቶባት ነው አሉ። መጠቆሟን ግን ለማንም አልተናገረችም። ማታ ማታ ጣቷ ይበርዳታል፤ ያቺው አንዷ ብቻ። ከብርድ ልብስ ውስጥ፣ ከብብቷ ሥር ብትከታትም አትሞቅም።

በረዶው ሲቀልጥ መንደሩ ተመልሶ ወጣ። በጎቹ ይወልዱ ጀመር። አንድ ጠዋት አንዲት እናት በግ የሞተ ወለደች፤ ራጁሊ ግልገሉን በሻሿ ጠቅልላ ልትቀብር ስትወጣ ጉማን ከደጃፉ ሻዩን እፍ ይላል።

«ተመልሷል አሉ፤ ዘንድሮም እረኞቹ…»

«ይተዉኝ አጎቴ! ቢመለስ ምን ያመጣል? ውሸታም ነው።»

«ምን እንደሚያመጣማ እኔ አውቃለሁ!» አለ ጉማን ተቆጥቶ። «አንቺ ተኝተሽ እኔ ነኝ ያዳንኳችሁ። በወረድንበት ቀን ጠዋት አጥራችሁ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮላችሁ ነበር፤ ምን እንደቋጠረበት እንጃ። እናትሽ እዚያ ተኝታ! በእጄ እንኳ አልነካሁትም። በዱላ አነሣሁና ከበረቱ ኋላ ወረወርኩት።»

ራጁሊ ሻሹን እንዳቀፈች በረቱን ዞረች።

ከድንጋዩ ካብ ሥር ፀሐይ ስለማይደርስ በረዶው አልቀለጠም። ቀዩ ጨርቅ ጫፉ ወጥቷል። ግልገሉን ከነሻሹ እግሯ ሥር አስቀምጣ ጎተተችው። የታሰረው በግራጫ የሱፍ ክር ነው፤ የራሷን አፈታተል ታውቀዋለች። ስትፈታው አንዲት ግንጣይ ወጣች፤ አበባዋ ደቃቃ፣ ቅጠሏ ለስላሳ። በተራራው ላይ እንዲህ ያለ ቅጠል አይታ አታውቅም። ያን ሁሉ ወራት በረዶ ሥር ከርማ እንደ አሁን ቅጥፍ እርጥብ ናት። ሽታዋ ደስ ይላል።

ማንን ታድንበት? ወንዙን?

ወረወረችው። ሩቅ መወርወሯ ነበር፤ ጣቷ አልታዘዝ ብሎ ቅጠሉ እግሯ ሥር፣ ሻሹ ውስጥ ካለው ከሞተው ግልገል አፍንጫ ላይ ወደቀ። ካቡ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ግልገሉ አስነጠሰ።