ጊታር በታክሲ ተራ

ጉደታ ጊታር መማር የጀመረው በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው ወይ የእድር ዳኛ ይሆናል ወይ ስኳሩን ይለካል። እሱ ግን አንድ አሮጌ ጊታር ከመርካቶ ገዝቶ፣ በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ በሚኒባሱ ከሾፌር ወንበሩ ጀርባ ባለው ወንበር ሥር ከክሪኩ ጎን አስተኛው። ወሬው ኮተቤ ታክሲ ተራን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። "ካረጁ አይበጁ" ያላለ ሾፌር አልነበረም። ረዳቱ ሰቦቃ ደግሞ ከጉደታ በአምስት ዓመት የሚበልጥ፣ "መገናኛ! መገናኛ!" ሲል ኖሮ ድምፁ የተሰነጠቀ ሰው ነው፤ እሱ ነገሩን ከሥሩ ለማጣራት ፈለገ።

"ሚስት ልታገባ ነው?"

"ሚስት አለችኝ" አለ ጉደታ።

"እሱንማ አውቃለሁ። የምጠይቅህ ለዚያ ነው።"

ምክንያቱ ግን ሚስቱ ራሷ ነበረች። አፀደ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ሰፈሩ የሚያውቃት ግን በፎቶ ኮፒዋ ሳይሆን በድምፅዋ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ፊት ቆማ ዘምራለች። ጉደታም ያገኛት እዚያው ነው። አንድ እሑድ ስብከት ሊሰማ ገብቶ፣ ከስብከቱ አንድ ቃል ሳይዝ፣ አንድ መዝሙር ብቻ ይዞ ወጣ። የመዝሙሩ ሦስተኛ ስንኝ ላይ ዜማው ድንገት ወደ ላይ ይወጣል። ሌሎቹ ዘማሪዎች እዚያ ሲደርሱ ዝም ይሉና ለእሷ ይተዉላታል፤ እሷም ብቻዋን ትወጣዋለች። ከተጋቡ በኋላ ጉደታ ያንን ቦታ "ዳገቱ" ብሎ ስም አወጣለት። ጠዋት ጠዋት ዕቃ እያጠበች ስትዘምር፣ ዳገቱ ጋ ስትደርስ፣ እሱ ካልሲውን በእጁ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ይጠብቃታል። ወጥታ ስትጨርስ ካልሲውን ያጠልቃል። ይህ ለሃያ ዓመት የዘለቀ ልማዱ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት አፀደ የእንቅርት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ከሕመሙ ዳነች፣ ተመስገን ነው። ድምፅዋ ግን ወደ ላይ አልወጣ አለ። ሐኪሙ ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ነግሯት ነበርና ማንንም አልወቀሰችም። "ለልጆቹ ልልቀቅላቸው" ብላ ከኳየሩ ተሰናበተች። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥም ዘምራ አታውቅም፤ ዕቃ የምታጥበው ሬዲዮ ከፍታ ሆነ። ጉደታም ጠዋት ማንም ሳያቆመው ካልሲውን ያጠልቃል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ሆዱን በላችው። ለማንም ያልተነፈሳት ሐሳቡ ይህች ናት፤ ያንን መዝሙር ተምሮ አንድ ቀን ቢመታላት፣ ምናልባት ትዘምር ይሆናል።

ያስተማሩት ተራ አስከባሪው ጋሽ ኡበይድ ናቸው። ቀበና ተወልደው ያደጉ፣ ስድሳ አምስት የደፈኑ፣ ከሶላታቸውና ከሰልፋቸው በቀር ሌላ ነገር የማያውቁ የሚመስሉ ሰው ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ግን የቀበሌ ኪነት ውስጥ ጊታር ይመቱ ነበር። ዛሬ ሰደርያ ለብሰው የታክሲዎቹን ወረፋ ይቆጣጠራሉ፤ እሳቸው እጃቸውን ሳያነሡ የሚነቃነቅ መኪና የለም። የጉደታን ጊታር ባዩ ጊዜ ከት ብለው ሳቁ።

"ምነው ክሩ እንዲህ ረገበ? ልብስ ልታሰጣበት ነው?"

ጉደታ ስልኩን አውጥቶ መዝሙሩን አሰማቸው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት መዘምራኑ ያስቀረጹት ነው፤ ዳገቱ ላይ የአፀደ ድምፅ ብቻውን ይሰማል። ጋሽ ኡበይድ ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"መዝሙሩን አንተ ታውቀዋለህ፣ ክሩን እኔ አውቀዋለሁ" አሉ። መቃኛዎቹን አንድ በአንድ እያጠበቁ ጊታሩን ከስልኩ ድምፅ ጋር እኩል አደረጉት። "ትንሽ ከረር ይላል። ጣትህን ይበላሃል። ግን ከእሷ ጋር እኩል ይወጣል።"

ሕጉንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ጠዋትና ማታ ኮተቤ ላይ የሚሰለፈው ሰው ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ግን የሚሰለፈው መኪና ነው፣ ሾፌሩም ተራው እስኪደርስ ወይ ጫት ይቅማል ወይ ሰው ያማል። "አንተ በዚያ ሰዓት ትመታለህ" አሉት። "ተራህ ሲደርስ ደግሞ መዝሙሩን አንዴ ከዳር እስከ ዳር ሳትመታ መኪናህ አትንቀሳቀስም። እጄን አላነሣልህም።"

"ተሳፋሪው ቢጮህብኝስ?"

"ይጩህ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉ እኮ የጀመረው በልጅነቱ ነው፣ ጋሼ።"

"ዝም ብለህ ያዝ!"

ያዘ። መጀመሪያ የያዘው ጊታሩን ሳይሆን ቁስሉን ነው። የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ቆስሎ፣ ደርቆ፣ ተልጦ፣ እንደገና ቆሰለ፤ መሪ ሲይዝ ፊቱ ይኮሳተራል። አንዱን ኮርድ፣ አንዱን የጣት አያያዝ ማለት ነው፣ ከሌላው ለማገናኘት ጥቅምት አለቀ። ተሳፋሪ ገብቶ እየጠበቀ አንዷን መዝሙር ሰባት ቦታ እየቆራረጠ ሲጨርስ፣ ከኋላ "ወራጅ አለ!" ብሎ የሚቀልድ አይጠፋም። አንዲት የመምህርነት ተማሪ ግን በየቀኑ እየሰማችው ትሄድ ነበርና፣ አንድ ሐሙስ "ጋሼ፣ ሰኞ ዕለት ይሻሉ ነበር እኮ" አለችው። ተናደደ። ማታውን ሲያስበው ግን ደስ አለው፤ ለካ የሚሻል ቀን ነበረው።

ታኅሣሥ ላይ ሰቦቃ አንድ ነገር አስተዋለ። ጉደታ ተራ ይዞ ሲቆም ሞተር ሳያጠፋ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ጊታሩን ይስባል። ማንም አያዘውም፣ ራሱንም አያዘውም። መንገድ ላይም ቀኝ እጁ ማርሽ ላይ ሆኖ የግራው ጣቶች መሪው ላይ ኮርድ ይለዋውጣሉ። "ሰውዬው ለመደ" አለ ሰቦቃ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚቀልድ ተሳፋሪ ሲመጣ የሚቆጣው እሱ ሆነ።

ጥር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጉደታ ጊታሩን ከነማዳበሪያው ተሸክሞ ቤት ገባ። አፀደ ሳሎን ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። ማዳበሪያውን ሲፈታ ቀና ብላ አየችው።

"በመጨረሻ አመጣኸው?"

"ታውቂያለሽ እንዴ?"

"ከጥቅምት ጀምሮ! ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ የምትመጣ ተማሪ ሁሉ እኮ ነው የምትነግረኝ። አንዷማ ሐሙስ ሐሙስ ይበላሽበታል ብላኛለች።"

ሁለቱም ሳቁ። ምስሩን አስቀምጣ ወንበሯን አቀረበች። ጉደታ መታ። አንድ ቦታ ብቻ ስቶ መግቢያውን ጨረሰው። አፀደ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማው ድምፅ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ወጣ። አንደኛው ስንኝ አለፈ። ሁለተኛው ላይ አንገቷ ተገተረ። ዳገቱ ጋ ስትደርስ አፏ ተከፈተ፣ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ጉደታ መምታቱን አቆመ።

"ጎበዝ ነህ" አለች አፀደ ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብላ። "እውነቴን ነው፣ በጣም ጎበዝ ነህ።" ምስሩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ወዲያው ሬዲዮው ተከፈተ፣ ከወትሮውም ከፍ ብሎ። ጉደታ ጊታሩን ጭኑ ላይ እንዳጋደመ ቀረ። ሊያስደስታት ሲል ያጣችውን ነገር ፊቷ ላይ አምጥቶ ቆጠረባት፤ እንዲህ ነው የተሰማው፤ አለቀሰ።

ሰኞ ተራ ላይ ጊታሩን አላወጣውም። ጋሽ ኡበይድ በመስኮት አጎነበሱ።

"ጣትህን አመመህ?"

"ተውኩት፣ ጋሼ።"

ለምን አላሉትም። ተራው ሲደርስ ግን መጥተው ከመኪናው ፊት ቆሙ፣ እጃቸውን አጣምረው። መኪናው ሞልቷል፣ ሰቦቃ በሩን ዘግቷል፣ እሳቸው ንቅንቅ የለም። "ምን እየጠበቅን ነው?" ይላል ተሳፋሪው። መዝሙሩ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ፣ አራት ደቂቃ ገደማ፣ ቆመው ቆመው፣ እጃቸውን አነሡና አሳለፉት። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕም እንዲሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን የጉደታን አራት ደቂቃ ለማንም አልሰጡም። ጉደታ በንዴት መሪውን ይጨብጣል፣ ጣቶቹ ግን መሪው ላይ ዝም አይሉም ነበር።

በሁለተኛው እሑድ ከአምልኮ መልስ አፀደ እንጦጦ ማርያም አካባቢ ለሚኖሩት አክስቷ መድኃኒት ማድረስ ነበረባት። ሁለቱ ብቻ በሚኒባሱ ሄዱ። ጉደታ ሐሳብ ይዞት ነበርና ትልቁን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ገባበት። መኪናው ጥቂት ሄዶ መንቀጥቀጥ፣ መንተባተብ ጀመረ።

"ማርሽ ቀንስ እንጂ!" አለች አፀደ፤ ከሾፌር ጋር ሃያ ሁለት ዓመት የኖረች ሴት ናት። "ምን ታስለቅሰዋለህ? ይወጣዋል እኮ፣ ዝቅ አድርገህ ያዘው!"

ቀነሰ። ሞተሩ በወፍራሙ አጉረመረመና ዳገቱን ቀስ ብሎ ይወጣው ጀመር። ጉደታ አፉን ከፍቶ ሚስቱን አያት።

"መንገዱን እይ" አለችው።

መድኃኒቱን አድርሰው ሲመለሱ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ሰፋ ያለ ቦታ ላይ መኪናውን አቆመ። ከተማው ከታች ይታያል። ወርዶ ከኋላ ወንበር ሥር ማዳበሪያውን ሳበው።

"ጉደታ፣ እባክህ" አለች አፀደ። "አልዘምርም።"

"አትዘምሪ። እኔ ሥራ አለኝ።"

በመኪናው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያውን መቃኛ አዞረ። ክሩ ረገበና እንደ ከብት አጉረመረመ። ሁለተኛውን አዞረ፤ ይባስ ተበላሸ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጊታሩ ጆሮ የሚያስይዝ ሆነ። ጉደታ አውቆ አላበላሸውም፤ ማርገብ እንዳለበት እንጂ እስከ የት እንደሆነ አያውቅም። አፀደ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ኳየር ውስጥ የኖረ ጆሮ ይዛ ይህንን ዝም ብላ ልትሰማ አልቻለችም።

"ኧረ ተው! ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር የት ተዋወቁና?"

"የት ላድርገው?"

"ዝቅ... አይደለም፣ በዛ... እዚህ ጋ" አለችና አዜመችለት፤ "ምም"። ክሩን ወደ ድምፅዋ አመጣው። "ቀጣዩን" አለች፣ አዜመችለት። አንዱን አስተካክሎ ወደ ሌላው ሲያልፍ እሷ ቀድማ እየጠበቀችው፣ ስድስቱም ክሮች በአፀደ ድምፅ ተቃኙ። በስልኩ ውስጥ ባለችው ሳይሆን፣ አጠገቡ በተቀመጠችው። ክሮቹ ረግበው ለጣቱ ለስልሰው ነበር። ኮርዶቹ ያው ናቸው፣ የለመዳቸው ናቸው።

መታ። ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ነበር። አፀደ ወደ ከተማው ታያለች። መግቢያውን ደገመው። ሦስተኛ ሲደግመው ጀመረች።

ያችኛዋ ድምፅ አይደለችም። ሻካራ ናት፣ መሐል ላይ ትሰነጠቃለች። ግን አንገቷ አልተገተረም። አንደኛው ስንኝ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ዳገቱ ጋ ደረሰች። ከታች ተነሣች፣ ቀስ አለች፣ እየተጎተተችም ቢሆን ወጣች፤ ጫፉ ላይ ደርሳም ቆየችበት።

ከዚያ በኋላ የጊታሩ ድምፅ እንደሌለ አስተዋለች። ዞር ስትል ጉደታ እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ደርቆ ቀርቷል፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

"ምን ሆነህ ነው የተውከኝ?" አለች እየሳቀች፣ የራሷንም እንባ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "በል ከመጀመሪያው!"

ሰኞ ጠዋት ቤት ውስጥ ሬዲዮ አልተከፈተም። ከጓዳ የሳህን ድምፅና ወፍራም ዜማ ይሰማል። ጉደታ አንድ እግሩን ካልሲ አልብሶ፣ ሌላውን ካልሲ በእጁ ይዞ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዳገቱን ጠበቀ።

ተራ ላይ ሲደርስ ሃያ ደቂቃ አርፍዷል። ጋሽ ኡበይድ ኮስተር ብለው ወደ መስኮቱ መጡ።

"ምነው፣ ጎማ ነው?"

"አይደለም፣ ጋሼ። ካልሲ ነው።"

ጋሽ ኡበይድ አልገባቸውም። ጉደታ ሞተር ሳያጠፋ እጁን ወደ ኋላ ሲሰድ ግን አዩ። ያን ቀን ተራው ሲደርስ ከመኪናው ፊት አልቆሙም፤ ከመስኮቱ አጠገብ ሆነው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እስኪጨርስ ጠበቁት።